የውሰት ዓይን

ሰውየው መጋረጃ ቤቱ የገባው ዝናቡ እየወረደ ነው። በሩ ጋ ቆሞ ከጃኬቱ ላይ ውሃውን አራገፈና ከስፌት መኪናው ኋላ ለተቀመጠችው ልጅ፣

«ቀሚስ ትሰፊያለሽ?» አላት።

«የሰው ቀሚስ አንሰፋም። መጋረጃ ብቻ ነው።»

«የሰው አይደለም።»

ቀና ብላ አየችው። የሚቀልድ አይመስልም።

«የማሽን ነው» አለ። «ወፍራም ጥቁር ጨርቅ ሆኖ ውሃ የማያስገባ። ከላይ እንደ ኮፍያ ነገር ይኑረው። ከፊት አንድ ቀዳዳ፣ እሱ ለዓይኗ ነው። ከኋላ ደግሞ በአዝራር የሚከፈት ይሁን፣ ስትሠራ ይሞቃታል።»

«ቁመቷስ?»

ከወገቡ ትንሽ ከፍ አድርጎ በእጁ አሳያት። «ደረቷ ግን ሰፊ ነው።»

«እንዲህ በእጅ እያሳዩማ አይሰፋም። ልኳን አምጣ፣ ካልሆነም ራሷን አምጣት።»

«እሷን ለማምጣት አራት ጎረምሳ ያስፈልጋል። ደግሞ ዝናብ ትፈራለች።»

ልጅቷ ሳቀች። ሳቋ ከሌላ ሰው የመጣ ይመስል ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች። ታላቅ እህቷ ከሞተች ጀምሮ እዚያ ሱቅ ውስጥ ስትስቅ የሰማት ሰው አልነበረም።

«ለመሆኑ ምን የምትሠራ ማሽን ናት?»

«ፕሮጀክተር ናት። በመብራት ግድግዳ ላይ ሥዕል ታሳያለች፣ ሥዕሉም ይንቀሳቀሳል። ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ያያል።»

«እንደ ሲኒማ ነዋ።»

«ሲኒማ ነጭ ጨርቅ ይበቃዋል። እኔ የምፈልገው ሕንጻውን ራሱን ነው። መስኮቱን፣ ጥጉን፣ ስንጥቁን ሁሉ ለክቼ ሥዕሉን በልኩ አለብሰዋለሁ። ያው እንዳንቺ ሰፊ ነኝ በይው።»

«እሺ፣ አሁን የትኛውን ሕንጻ ነው የምታለብሰው?»

«የተቃጠለውን የልብስ ፋብሪካ። ሊፈርስ ነው። ከመፍረሱ በፊት የሞቱትን ልጆች በየመስኮቱ እንድናሳይ ቤተሰቦቻቸው ተሰባስበው ጠየቁን።»

መቀሷ ጨርቁ ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ እሱ የተናገረውን አልሰማችም። እሱም ፊቷን ሲያይ ነገሩ ገባው። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ ብቻ ይሰማ ነበር።

«ማን ሞቶብሽ ነው?» አላት።

«እህቴ።»

ያን ፋብሪካ የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሠራተኞቹ ጨርቅ ይዘው እንዳይወጡ ተብሎ በሩ ከውጭ ይቆለፍ ነበር። መስኮቶቹ በብረት የታጠሩ ናቸው። እሳቱ ከታች ሲነሳ ከላይ ያሉት መውጫ አልነበራቸውም። በኋላ መስኮቶቹን በብሎኬት ደፈኗቸውና ሕንጻው እንደ ዓይነ ስውር መንገድ ዳር ቆሞ ቀረ።

ሁለቱ እህትማማቾች እዚያ ጎን ለጎን ነበር የሚሠሩት። እሳቱ በተነሳበት ቀን ተራው የታናሽየዋ ነበር። ጥርሷን አሟት፣ ጉንጯ አብጦ፣ ጭንቅላቷን በሻሽ አስራ ስትቃትት አደረች። የቀረ ሠራተኛ ይባረራል። ታላቅየዋ የእረፍት ቀኗ ነበር፣ «አንቺ ተኚ፣ እኔ እሄድልሻለሁ» ብላ የእህቷን ሽርጥ አንጠልጥላ ወጣች። በቃ። እግዚአብሔር ለምን እንዲህ እንዳደረገ እሱ ያውቃል።

ሬሳው ሲመጣ ሳጥኑ ተዘግቶ ነው። እንዳትከፍቱ ተባለ። እናትየው የልጇን ፊት ሳታይ ቀበረች። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካው ባለበት መንገድ አላለፈችም። ለጸሎት ስትሄድ እንኳ በገበያው በኩል ዞራ፣ ጉልበቷ እያመማት፣ በሩቁ መንገድ ነበር የምትሄደው።

*

ሽፋኑን ሰፍታ ስትጨርስ ራሷ ይዛለት ሄደች። ሊወስደው ይመጣ ነበር እኮ። ግን ሄደች።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ደረሰች። ሕንጻው ጥላሸት በጥላሸት ነው። ከመንገዱ ማዶ ሰውየው ማሽኑን በብረት መቆሚያ ላይ ሰቅሎ ይታገላል። ባለመብራቱ ነው የሚሉት የሰፈሩ ሰዎች፣ ሌላ ስም አላወጡለትም። አጥሩ ጥግ የሕንጻው ሽማግሌ ዘበኛ ሬዲዮውን አቅፎ ተቀምጧል።

ሽፋኑን አለበሷት። ልክክ አለ። ባለመብራቱ ከኋላ ያሉትን አዝራሮች አንድ በአንድ ቆልፎ ዞር አለና፣

«ከኔ የተሻለ ለበሰች» አላት።

«ያንተማ ጃኬት ክንዱ ተቀዷል። አምጣው እሰፋልሃለሁ።»

ከዚያ ሥራውን አሳያት። ጥላሸት መብራት ይጠጣል አላት። ግድግዳው ላይ የቱንም ያህል ቢያበሩ ውጦ ያስቀረዋል። ስለዚህ የተደፈኑት መስኮቶች ብቻ ኖራ ይቀባሉ። ግድግዳው ጥቁር እንደሆነ ይቆይና ፊቶቹ በመስኮቶቹ ይወጣሉ።

«የእህትሽ የትኛው ነው?»

ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከጫፍ ሁለተኛውን አሳየችው። የሁለቱም የስፌት መኪና ከሥሩ ነበር።

«ሰው ልላክ ወይስ ራስሽ ትቀቢዋለሽ?»

ራሷ ቀባችው። ግድግዳው ላይ በተደገፈው የእንጨት መወጣጫ እጇን ይዞ አወጣት። እላይ ስትደርስ አልለቀቃትም፣ እሷም ልቀቀኝ አላለችም። ከዚያ ብሩሹን ሰጣትና ወርዶ ወደ ማሽኑ ሄደ።

ዘበኛው ከታች ጠራው። «አንተ ልጅ፣ እኔ ይሄን ሕንጻ ስጠብቅ ማንም ሰርቆኝ አያውቅም። አንተ ግን አንድ ነገር ልትሰርቅ እንደመጣህ አውቄብሃለሁ።»

«ምኑን አባባ?»

ዘበኛው ወደ ላይ፣ ወደ ልጅቷ አየ። «እሱን ለራስህ እተወዋለሁ። እኔ የምጠብቀው ብሎኬት ነው።»

ኖራው ሲደርቅ ልኩን ማስተካከል ነበረበት። ለዚህ ሥራ አንድ ሰው ማሽኑ ጋ ይቆማል፣ አንድ ሰው ደግሞ ግድግዳው ጋ ሆኖ በስልክ ይነግረዋል። ማሽኑ ጋ ያለው ሰው ከሩቅ ስለሚያይ ጠርዙ አይታየውም። እሷ እላይ ቆማ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ነጭ የመብራት ክፈፍ ጥቁሩ ግድግዳ ላይ እየተንሸራተተ መጣ።

«ወደ ግራ» አለችው።

«በማን ግራ?»

«በኔ።»

መብራቱ መጥቶ በላይዋ አለፈ። ትከሻዋን፣ አንገቷን፣ ፊቷን ነካና አልፎ ሄደ። ዓይኗን ጨፈነች።

«ደረሰ?»

«ጣት ያህል ቀርቶታል።»

«በማን ጣት?»

«በኔ።»

«ያንቺማ ቀጭን ነው» አለ በስልኩ ውስጥ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ክፈፉ በዝግታ፣ በጣም በዝግታ ተጠጋና መስኮቱ ላይ ልክ ገጠመ።

ሁለቱም ስልኩን አልዘጉም።  እሱ ታች መንገድ ዳር፣ እሷ እህቷ የሞተችበት መስኮት ጋ፣ መስመሩን ይዘው ቆዩ።

*

ችግሩ የመጣው ከፎቶው ነው። ሌሎቹ ቤተሰቦች የልጆቻቸው ቪዲዮ በስልካቸው ውስጥ ነበራቸው። እናትየው ቤት ያለው ግን ከመታወቂያ ላይ የጎላ አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ታላቅየዋ ፊት ለፊት፣ ኮስተር ብላ፣ ሳትንቀሳቀስ። ልጅቷ እናቷ ሳታይ በስልኳ አንስታ አመጣችለት።

ባለመብራቱ ኮምፒውተሩ ላይ ብዙ ሞከረ። ማንቀሳቀስ ይቻላል፣ ግን እንደ አሻንጉሊት ነው የምትሆነው።

«የሚመስላት ሰው ካሜራ ፊት ቢቀመጥልኝ» አላት። «ሰውየው ይንቀሳቀሳል፣ እኔ የእህትሽን ፊት በላዩ አለብሳለሁ። የእናንተ አጥንታችሁ አንድ ነው።»

እሑድ ከሰዓት ተከራይቶ ወደሚሠራባት ክፍል መጣች። መጋረጃው ተዘግቷል። ጠረጴዛው ላይ ሽቦ ተተራምሷል። ሶኬቱ ጋ ያልታጠበ ብርጭቆ አለ። እሷም እሱን ሳታጥብ መቀመጥ አልሆነላትም።

«እህትሽ እንዴት ነበር ቀና የምትለው?» አላት ስትቀመጥ።

«ስፌቷን ስትጨርስ ክሩን ትበጥስና ቀና ትላለች። ቶሎ ነው። ፈጣን ናት። ዘገምተኛዋ እኔ ነኝ።»

«እሺ፣ እንደሷ ቀና በይና ይቺን የካሜራውን ጥቁር ቀዳዳ እዪ። መንገድ ላይ የቆመው ሕዝብ እሷ ናት።»

አቀረቀረች፣ ቀና አለች። አቀረቀረች፣ ቀና አለች። ደጋግመው ሠሩ። ልቧ ደረቀ። የሞተች ሰው ሆኖ መቀመጥ ቀላል አይደለም። በመጨረሻ፣

«በቃ፣ ጨርሰናል። ጎበዝ» አላት።

ትከሻዋ ወረደ። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰችና ቀስ ብላ ቀና አለች። ካሜራውን አላየችም። ከካሜራው አለፍ ብሎ የቆመውን ሰውዬ አየችው።

ካሜራው ግን አልጠፋም ነበር።

ባለመብራቱ ማታ ብቻውን ሆኖ ሁሉንም አያቸው። ደህናዎቹ ብዙ ናቸው። የሥራው ደንብ ደግሞ ግልጽ ነው፦ መስኮት ላይ የሚወጣ ፊት ሕዝቡን ፊት ለፊት ማየት አለበት። እሱ ግን ልጅቷ ወደሱ ያየችባትን የመጨረሻዋን ቀረጻ መረጠ። እሷን ጥሎ ሌላ መውሰድ አልቻለም። ያቺን አስተያየት ለሥራው ነው ያስቀራት ወይስ ለራሱ፣ እሱም አልጠየቀ።

*

የማሳያው ቀን ሲቃረብ አንድ ምሽት እስከ ሰፈሯ ሸኛት። ክንዱ የተሰፋውን ጃኬት ለብሷል።

«ከዚህ ስጨርስ ሌላ ከተማ ይጠብቀኛል» አላት። «የድሮ ባቡር ጣቢያ ነው። ከዚያም ሌላ አለ።»

«እሺ።»

«አብረሽኝ ሂጂ።»

«ምን ሆኜ?»

«ሚስቴ።»

መንገዱ ላይ ቆመች። አንድ ብስክሌት አለፈ። አንዲት ሴት ከበረንዳ ላይ ልጇን ትጣራለች።

«የጥርሴን ነገር ልንገርህ» አለችው። ነገረችው፤ ሻሹን፣ ሽርጡን፣ ያበጠውን ጉንጯን ሳይቀር። «የምኖረው በሷ ፋንታ ነው። የምበላው የሷን፣ የምተኛው የሷን። አንተንም እሺ ብል ከሷ ነው የምወስድህ።»

«እኔ እሷን አላውቃትም። የማውቀው አንቺን ነው።»

«እሱማ አንተ ነህ። እኔ ግን አውቃታለሁ።» ከዚያ ዓይኗን ወደ ቤታቸው አዞረች፤ መብራት ያለው አንድ መስኮት ብቻ ነው። «ደግሞ እናቴን ለማን ልተዋት?»

  የጃኬቱን አንገት ቀና አድርጋለት ገባች።

እናትየው ጸሎቷን ጨርሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ማን ነው የሸኘሽ?»

«ሥራ ቦታ የማውቀው ሰው ነው።»

«ሥራ ቦታሽ መጋረጃ ብቻ መስሎኝ።»

ልጅቷ ከፊት ለፊቷ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «እማዬ፣ ሕንጻው ሊፈርስ ነው። ከመፍረሱ በፊት ልጆቹን በመብራት ሊያሳዩዋቸው ነው። እሷም አለች። ነይ እንሂድ።»

«ምን ልሠራ? እሳቱን አይቼዋለሁ። ይበቃኛል።»

«ፊቷን ሳታዪ ነው የቀበርሻት። አንዴ እያት። ትንቀሳቀሳለች፣ ቀና ትላለች። እንደ ድሮዋ።»

እናትየው ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ ቀና ብላ አየች።  ስትናገር ድምፅዋ እንደ ሕጻን ድምፅ ቀጥኖ ነበር።

«እውነት ቀና ትላለች?»

*

ገና ሲጨላልም ሄዱ። እናትየው ያንን መንገድ ስትረግጥ ቆመች። ልጅቷ ክንዷን ይዛ ወሰደቻት። ሰው ሞልቷል። ሁሉም ጥቁር ለብሷል። ከአጥሩ ወዲያ ቢጫው አፍራሽ ማሽን እጁን አጥፎ ይጠብቃል።

የመንገዱ መብራት ጠፋ። ከዚያ ከታች በኩል አንድ መስኮት በራ። አንዲት ልጅ ሳቅ ብላ ጸጉሯን ወደ ኋላ መለሰች። ሕዝቡ ውስጥ አንድ አባት «ልጄ» አለ፣ ጮክ ሳይል። ከዚያ ሌላ መስኮት፣ ከዚያም ሌላ። ጥቁሩ ግድግዳ በፊቶች ተሞላ። አንዱ ያፏጫል፣ አንዷ ክር መርፌ ውስጥ ታስገባለች።

ሦስተኛ ፎቅ፣ ከጫፍ ሁለተኛው በራ።

ታላቅየዋ አቀርቅራለች። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ቀስ ብላ ቀና አለች። ዓይኗን ከፍ አድርጋ አንድ ነገር አየች፤ እንዲህ ዓይነት አስተያየት ሰው ሁሉን አያይበትም። ሥዕሉ ደጋግሞ ነው የሚመላለሰው። አቀረቀረች፣ ቀና አለች፣ አየች።

ልጅቷ የእናቷን እንባ ጠበቀች። እንባ የለም። እናትየው ዓይኗን አጥብባ መስኮቱ ላይ ተክላለች። ያቺ ልጅ ሕዝቡን አይደለም የምታየው። ወደ ጎን፣ ከሕዝቡ አለፍ ብሎ ነው። እናትየው ያንን አስተያየት ተከትላ ቀስ ብላ ዞረች። በሰዉ ራስ ላይ አሻግራ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ጥቁር ጨርቅ የለበሰ ማሽንና አጠገቡ የቆመ ክንዱ የተሰፋ ጃኬት የለበሰ ሰው አየች።

ሰውየውም ሦስተኛ ፎቅን እያየ ነበር።

እናትየው ሰዉን እየገፋች ሄደች። ልጅቷ ከኋላዋ ናት።

«አንተ ነህ ባለመብራቱ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ያቺ ልጄ አይደለችም።»

«ፊቱ ከፎቶዋ ነው የተወሰደው፣ እማማ። ምንም አልጨመርኩበትም።»

«ፊቱንማ አውቀዋለሁ፣ እኔ ነኝ የወለድኩት። የኔ ልጅ እንዲህ ተዘናግታ ቀና አትልም። የኔ ልጅ ወንድ እንዲህ አይታ አታውቅም፣ ጊዜም አልሰጣት።» ወደ ኋላዋ ሳትዞር በእጇ ልጅቷን አመለከተች። «ያቺ ይቺ ናት።»

ባለመብራቱ አንገቱን ደፋ። «ሌሎቹ ሁሉ ለካሜራ የተደረጉ ነበሩ። ሕይወት ያላት ያቺኛዋ ብቻ ሆነችብኝ። መጣል አቃተኝ።»

«ሕይወት ያላትማ በሕይወት ስላለች ነው» አለች እናትየው። «የሞተችውን ላያት የሸሸሁትን መንገድ ረግጬ መጣሁ። እናንተ የቆመችውን ሰቅላችሁ አሳያችሁኝ። አሁን ሁለቱንም ከሞቱት ጋር አየሁ። ይሄ ለእናት ይደረጋል?»

 ከላይ፣ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ አቀረቀረች፣ ቀና አለች፣ አየች።

*

ቤት ሲገቡ መብራት አላበሩም።

«ይቅር በይኝ እማዬ» አለች ልጅቷ ከጨለማው ውስጥ። «እንድታያት ብዬ ነው።»

«ትወጂዋለሽ?»

«ይቅር። ተውኩት።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

ልጅቷ ስታፍነው የኖረችው ነገር ወጣ። «መሞት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ተራው የኔ ነበር። ጥርሴን ባያመኝ አንቺ እሷን አታጪም ነበር። እኔ እንዴት ብዬ ነው ባል አግብቼ፣ መኪና ላይ ወጥቼ የምሄደው?»

እናትየው በዳበሳ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። እጇን ጉንጯ ላይ አደረገች፣ ያኔ ባበጠው በኩል።

«እግዚአብሔር ሰው ተሳስቶ አይወስድም። እኔ ልጠይቀው ስንቴ ተንበርክኬአለሁ፣ እስካሁን አልመለሰልኝም። ግን ተሳሳትኩ ብሎኝ አያውቅም። አንቺም አትበይበት።»

«እማዬ…»

«ዝም በይ፣ አልጨረስኩም። ዛሬ ያየሁት ያ ዓይን ያንቺ ነው። ለእህትሽ አውሰሻት ነው እንጂ የሷ አይደለም። የሞተ ሰው በውሰት ዓይን አያይም፣ ልጄ። የሷን ለሷ ተዪላት፣ ያንቺን ውሰጂ። አለበለዚያ ሁለታችሁንም መቅበሬ ነው።»

እዚያው እንደተቀመጡ እናትየው በረጅሙ አለቀሰች። ልጅቷም አለቀሰች። ያንን ሳጥን ካወረዱ ወዲህ አብረው ያለቀሱት ያን ጊዜ ነው።

ጠዋት እናትየው የግድግዳውን ፎቶ አወረደች፣ በነጠላዋ ጠቀለለችና በገበያው ሳትዞር በቀጥተኛው መንገድ ሄደች። ባለመብራቱን ማሽኑ ሥር ተቀምጦ አገኘችው። ሌሊቱን እንዳልተኛ ፊቱ ይናገራል።

«ልጄ ይቺ ናት» አለችው ፎቶውን ገልጣ። «እንዲህ አድርገህ አስቀምጥልኝ። ሳትንቀሳቀስ። ኮስተር ብላ። እንዲህ ነበረች፣ ከባድ ነበረች። አታስቃት፣ ቀና አታድርጋት።»

«ሁሉም ሲንቀሳቀሱ እሷ ብቻ ቆማ ትቀራለች፣ እማማ። ሰው ማሽኑ ተበላሸ ይላል።»

«ሰው ይበል።»

*

የማሳያው የመጨረሻ ምሽት ነበር። በነጋታው ሕንጻው ይፈርሳል። ሕዝቡ ከፊተኛው በለጠ። መስኮቶቹ አንድ በአንድ በሩ። አንዷ ሳቀች፣ አንዱ አፏጨ፣ አንዷ ክር አስገባች። ከነሱ መሃል ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ልጅ ኮስተር ብላ፣ ሳትንቀሳቀስ፣ ፊት ለፊት ሁሉንም አየቻቸው።

ዘበኛው ሬዲዮውን ይዞ መጣ። «ያቺኛዋ ቆማለች። ተበላሸብህ እንዴ?»

«አይ አባባ» አለ ባለመብራቱ። «አሁን ነው የተስተካከለው።»

እናትየው ከሥሩ ቆማ፣ አንገቷን ወደ ላይ ቀልብሳ፣ ልጇን ጠግባ አየች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እየጸለየች ይሁን እያወራቻት አይታወቅም። የረጅም ጊዜ ስንብት በአንድ ምሽት ነበር የምታደርገው። ሌሎቹ ፊቶች በሙሉ እስኪጠፉ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ባለመብራቱም የልጇን መስኮት መጨረሻ ላይ ነው ያጠፋው።

ግድግዳው ጥቁር ሆነ። ሰዉ ቀስ በቀስ ተበተነ።

ልጅቷ ማሽኑ ጋ ቆማ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ እሱን ቀና ብላ አላየችውም። አሁን አየችው። እሱ ዓይኑን መስበር ፈልጎ አልቻለም።

«እናትሽን ጎዳኋት» አላት።

«ጎድተሃታል።»

«አንቺንም።»

«እኔን አይደለም።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔማ እንዲያ እንደማይህ አላውቅም ነበር። ግድግዳ ላይ ነው ያየሁት።»

እናትየው መጣች። ሁለቱም ቀጥ አሉ። ባለመብራቱን ከእግሩ እስከ ራሱ አየችውና የተሰፋውን ክንዱን ያዝ አደረገችው። ስፌቱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«የልጄ እጅ ነው» አለች።

«አዎ፣ እማማ።»

«ልጄ ነግራኛለች። የባቡር ጣቢያውን ስትጨርስ ተመልሰህ ትመጣለህ። እኔ ፊት፣ እግዚአብሔር ፊት ቃል ትገባላታለህ። ከዚያ በኋላ ነው ይዘሃት የምትሄደው።»

«እመጣለሁ።»

«ሰው ሁሉ እመጣለሁ ብሎ ይወጣል» አለች እናትየው። «ልጄም ማታ እመጣለሁ ብላ ነው የወጣችው። አንተ ግን ና።»

 ባለመብራቱ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

ጥቁሩን ጨርቅ ከሁለት ወገን ይዘው ማሽኑን አለበሷት። እሱ ከፊት ጎተተ፣ ልጅቷ ከኋላ ጎንበስ ብላ አዝራሮቹን መቆለፍ ጀመረች።  እናትየው ፎቶውን በደረቷ አቅፋ፣ ነገ በማይኖረው ሕንጻ ፊት ቆማ ጠበቀቻት። ቤት ሲሄዱ በቀጥተኛው መንገድ ነው። አንድ ቀን ደግሞ ልጇን ሸኝታ በዚያው መንገድ ብቻዋን ትመለሳለች፤ አውቃዋለች።

«የታችኛዋን አዝራር አልፈሻታል» አለቻት። «አጥብቂያት፣ መንገዱ ረጅም ነው።»